ይድረስ ለክቡር ሙቅ ውሃ፣ ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከአፍንጫዬም በስተቀር። ሰሞኑን በቤታችን ያለ ፈረቃ የሚፈሰው እሱ ብቻ ነው።

ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል። አልተገናኘንማ! በጥቅምት ብርድ፣ መሀል አዲስ አበባ፣ በዚያ ስመ ጥር አሮጌ ሆቴል፣ ክፍል 307 ውስጥ ፎጣ አገልድሜ ስጠብቅዎ ያመሸሁት ሰው ነኝ። ባለቤቴም አብራኝ ነበረች። እሷ ግን ጥበቃውን ቶሎ ተወችው። ከእኔ ጋር አሥር ዓመት ስለኖረች "አሁን ይመጣል" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

የሆቴሉን ስም አልጠራም። እርስዎም መንገዱ ጠፍቶብዎት እንጂ ቤቱን ያውቁታል።

ለምን እንደመጣን ልንገርዎ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፤ ያውም ሌሊት፣ እንደ ሌባ። ስትመጣ ቤተሰቡ በሙሉ ይነሳል። በርሜሉ ይሞላል፣ ጀሪካኑ ይሞላል፣ የወጥ ድስት ሳይቀር ይሞላል። ታዲያ ጋብቻችን አሥር ዓመት ሲደፍን ባለቤቴን "ምን ላድርግልሽ?" አልኳት። ወርቅ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። "አንድ ቀን ብቻ፣ በጣሳ ሳልቆጥር፣ እስኪበቃኝ በሙቅ ውሃ ልታጠብ" አለች። ከወርቅ ይረክሳል ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝ ነኝ። ወርቅ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ፒያሳ ወርቅ ቤት ይገኝ ነበር። እሷ ለዚያች ማታ ብላ፣ ከሩቅ የሚሸት፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ሳሙና ገዛች።

ሆቴሉ ስንገባ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፋችንን ከፍተን ቀረን። ወለሉ እብነ በረድ ነው። ጣሪያው ከመራቁ የተነሳ ስናወራ ድምፃችን ተመልሶ ይመጣል። (በኋላ ሳስበው፣ በዚያ ቤት ተጠርቶ የሚመጣ ነገር ድምፅ ብቻ ነበር።) ግድግዳው ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ተደርድረዋል፦ ካባ የደረቡ መኳንንት፣ የለገሀር ባቡር ጣቢያ፣ የ1955ቱ የአፍሪካ መሪዎች ጉባኤ። ሻንጣችንን የያዙልን ሸበቶ ጋሼ እያንዳንዱ ፎቶ ሥር እየቆሙ ታሪክ ነገሩን። ሻንጣው ከባድ ነበር። እሳቸው ግን ታሪኩን ሳይጨርሱ መሬት አላስነኩትም።

በነገራችን ላይ፣ እነዚያ መሪዎች ስንትና ስንት ልዩነት ይዘው መጥተው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ተስማምተው ግንቦት 17 ቀን የአንድነት ድርጅቱን ቻርተር መፈረማቸው ሁሌም ይገርመኝ ነበር። የ307ን ቧንቧ ከከፈትኩ ወዲህ መገረሜን ትቻለሁ። ሰዎቹ ቶሎ ፈርመው፣ ቤታቸው ሄደው ሊታጠቡ ነው።

ቧንቧው ሁለት መክፈቻ አለው። አንዱ ላይ ቀይ ነጥብ፣ አንዱ ላይ ሰማያዊ። ቀዩን ከፈትኩት። መጀመሪያ ሳለ። ቀጥሎ አጉረመረመ። ከዚያ ቡናማ ነገር ተፋ። በመጨረሻ ጥርት ያለ፣ ኮለል ያለ፣ ከእንጦጦ ጫፍ በሌሊት የተቀዳ የሚመስል ውሃ መጣ። ሰማያዊውን ከፈትኩት። ያው ነው።

ሪሴፕሽን ደወልኩ። "ትንሽ ያስኬዱት ጌታዬ፣ አሁን ይመጣል" አሉኝ። አስኬድኩት። ክቡር ሆይ፣ ለእኛ ሰፈር ሰው ውሃ ሲፈስ ቆሞ ማየት ምን እንደሚመስል እርስዎ አይገባዎትም። በሆዴ ጀሪካን እቆጥር ነበር። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ባለቤቴ "ቀድተን ቤት ብንወስደው ኖሮ እስካሁን ሞቆ ነበር" አለች።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቴክኒሻን መጣ። ካቻቢቴ ጆሮው ላይ ሰክቷል። እጁን ውሃው ሥር አደረገና ወዲያው መለሰው። "ይሄማ ጥሩ ነው" አለ፣ ጣቶቹን በሱሪው እያሸ። ከዚያ ቀዩ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ደግሞ ቀይ መሆኑን አስረዳኝ። ለካ በእድሳት ጊዜ ተገላብጦ ተገጥሞ ነው።

"ሁለቱም እኮ ቀዝቃዛ ናቸው" አልኩት።

ትንሽ አሰበና "እሱ ሌላ ችግር ነው" አለኝ።

ሌላው ችግር እርስዎ ነዎት። ቦይለሩ ያለው ጣሪያ ላይ ነው። ከዚያ ወርደው 307 እስኪደርሱ ይቀዘቅዛሉ አሉ። ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ እንግዳ ይበዛል። ደግሞ ጠዋት መብራት ሄዶ ነበር። እኔ የማስታመው ዘመድ ያለኝ እስኪመስለኝ ድረስ የእርስዎን ሕመም ዘረዘረልኝ።

ይቅርታዎንና፣ እዚህ ላይ ግን ተናደድኩ። ቀዝቃዛው ወንድምዎ ከለገዳዲ ግድብ ተነስቶ፣ ስንቱን ሰፈር አቋርጦ፣ ስንት የተሰነጠቀ ቧንቧ አልፎ ክፍላችን ድረስ ይመጣል። እርስዎ ከጣሪያ መውረድ አቃተዎ! ተፈጥሮም እኮ አድልታልዎታለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስላለች፣ እዚህ ውሃ ለመፍላት 100 ዲግሪ አይጠበቅበትም፤ 92 ግድም ይበቃዋል። ስምንት ዲግሪ ምሕረት ተደርጎልዎታል። ከዚህ በላይ ምን እናድርግልዎ?

5 ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ። ሸበቶው ጋሼ ናቸው። ፔርሙስ ይዘዋል። "ከማድ ቤት ለምኜ ነው፤ እንኳ ፊታችሁን ታጠቡበት" አሉ። ባልዲው ውስጥ እያንቆረቆሩልን ታሪካቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። "ለመሆኑ ይህች ከተማ በምን ምክንያት እንደተቆረቆረች ታውቃላችሁ?"

እናውቃለን እንጂ። እንጦጦ ብርድ ነበረ። እንጨትም እያጠረ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ፍል ውሃ እየወረደ ይታጠብ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ እዚሁ ቤት ይሠራልኝ አሉ። በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተጀመረች፤ ስሟንም አዲስ አበባ ያሏት እሳቸው ናቸው።

"ያኔ ቦይለር የለ፣ ቴክኒሻን የለ" አሉ ጋሼ።

"ቴክኒሻን ስለሌለ ይሆናላ" አለች ባለቤቴ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር። የፍል ውሃን ልጅ ብርድ ገደለው የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። ክቡር ሆይ፣ ይህን ከተማ የቆረቆሩት እርስዎ ነዎት! ንጉሡና ንግሥቲቱ ከተራራ የወረዱት እርስዎን ብለው ነው። ባቡሩ የመጣው፣ ጉባኤው የተጠራው፣ እኔም በኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣልኝ፣ ሥሩ ሲቆፈር በእርስዎ ምክንያት ነው። ታዲያ ራስዎ በመሠረቱት ከተማ፣ መሀል እምብርቱ ላይ፣ እንግዳ ጠርተው ከቤት ይጠፋሉ?

ጠዋት ሂሳብ ስንጠይቅ "ሻይ በፔርሙስ፣ 1" የሚል አየሁ። ሻይ አልጠጣንም አልኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሙቅ ውሃ የሚባል ሲስተሙ ላይ የለም ጌታዬ" አለችኝ። በዚያ ሆቴል እውነት የነገረኝ ሲስተሙ ብቻ ነው። 10 በመቶ ሰርቪስ ተጨመረበት። 15 በመቶ ቫትም ተጨመረበት። እነሱ አንድም ቀን ከጣሪያ መውረድ አቅቷቸው አያውቅም።

ከዚያ የሆነውን ልንገርዎና ልጨርስ። ሻንጣችንን ይዘን በእግራችን ወደ ፍል ውሃ ወረድን። ወረፋ ያዝን። ከክፍሉ ዋጋ ጋር ሲተያይ የቡና የምትሆን ከፍለን ገባን። አስተናጋጇ "መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ክፈቱ፤ ያቃጥላችኋል" ብላ አስጠነቀቀችን። ክቡር ሆይ፣ ለካ እርስዎ እዚያ ነበሩ! ያለ ቦይለር፣ ያለ እብነ በረድ፣ ከመሬት በገዛ ራስዎ እየወጡ። ባለቤቴ ከውስጥ ስትዘፍን ሰማኋት። በአሥር ዓመት ውስጥ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም ነበር። ድምፅ የላትም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ግን አላቋረጠችም።

አክባሪዎ፣
የክፍል 307 እንግዳ

ተጨማሪ፦ ጋሼ ትናንት ደወሉልን። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሳሙና ረስታችኋል፣ መጥታችሁ ውሰዱ አሉ። ከነወረቀቱ ነው።