የኮዳይካናል ደን አፈር እስከ ምን ድረስ ይጽዳ?

በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ በኮዳይካናል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተው፣ በኋላም በዩኒሊቨር የሕንድ ኩባንያ በሂንዱስታን ሌቨር እጅ የገባው የቴርሞሜትር ፋብሪካ እስከ 2001 ድረስ ሠርቷል። ሥራው ከፍሎረሰንት አምፖል ሥራ ጋር ይቀራረባል፤ በሁለቱም ሜርኩሪ፣ ማለትም ባዜቃ፣ ወደ ብርጭቆ ቱቦ ይገባል፤ የሚሰበረው ይጣላል፤ ትነቱም ከግቢው ይወጣል። ከግቢው ቁልቁል የፓምባር ሾላ ደን አለ። ይህ ሾላ እኛ የምናውቀው ዛፍ ሳይሆን በዚያ አገር በሸለቆ ለሚበቅል የደጋ ደን የተሰጠ ስም ነው። ለግቢው አፈር የተፈቀደው የማጽጃ ገደብ በኪሎ አፈር 20 ሚሊግራም ሜርኩሪ ሲሆን፣ ተቃዋሚዎች ከዚህ እጅግ ያነሰ እንዲሆን ይጠይቃሉ።

የአፈር ኬሚስቱ፦ ገደቡን የምቃወመው ሰው በሚኖርበት ግቢ የሚደርሰውን ጉዳት እንጂ የደኑን ጠባይ ስለማይመለከት ነው። ቅጠል የሜርኩሪን ትነት ከአየር ይስባል፤ ሲረግፍም ይዞት ይወርዳል፤ ብስባሹ ደግሞ አጥብቆ ያስቀረዋል። ስለዚህ መርዙ በብዛት የሚገኘው ዝናብ ቀድሞ በሚያጥበው በላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ጎርፉ ወደ ፓምባር ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ቫይጋይ ይወርዳል። ኦክስጅን ባጣ ደለል ውስጥ ባክቴሪያዎች ሜርኩሪውን ይበልጥ መርዛማ ወደሆነው ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፤ ይህም ከትንሽ ነፍሳት ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ሰው እየተከማቸ ይሄዳል። በዳገት ላይ የተተወ 20 ሚሊግራም እዚያው የሚቀር አይደለም።

የደን ባለሙያዋ፦ የተከራካሪዬን ስጋት እጋራለሁ፤ መፍትሔውን ግን አልቀበልም። በሾላ ደን ውስጥ ጎንበስ ብሎ የረገፈውን ቅጠል የገለጠ ሰው ጥቁር፣ እርጥብ፣ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ የሚረግብ አፈር ያገኛል፤ በውስጡም እንደ ክር የቀጠኑ ሥሮች ተጠላልፈዋል። በበጋ ምንጮቹን የሚያኖራቸው ይህ አፈር ነው። ለማጽዳት ግን ተቆፍሮ ይታጠባል፣ ከዚያም ሜርኩሪው እንዲተን በከፍተኛ ሙቀት ይጋላል፤ በዚያ ሙቀት ብስባሹ አብሮ ይቃጠላል፣ ሕይወት የነበረውም ሁሉ ይጠፋል። ገደቡ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚቆፈረው መሬትና የሚቆረጠው ዛፍ ይበዛል። ሥር ያልያዘው ዳገት ደግሞ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይናዳል፤ ያኔ ተከራካሪዬ የፈሩት ጎርፍ በእኛው እጅ ይመጣል።

የአፈር ኬሚስቱ፦ እህቴ፣ ስለ ዛፎቹ የሚሉት እውነት ነው። ነገር ግን ይህንኑ መከራከሪያ ያቀረበው ኩባንያው ራሱ መሆኑን አይርሱ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሜርኩሪ ያለበት 7.4 ቶን የብርጭቆ ስባሪ በከተማዋ በአንድ የቁርጥራጭ ዕቃ ነጋዴ ግቢ ተገኘ፤ በ2003 ወደ 290 ቶን ቆሻሻ ወደ አሜሪካ ተጫነ፤ 591 የቀድሞ ሠራተኞች ከኩባንያው ጋር የተስማሙት ደግሞ በ2016 ነው። ይህን ሁሉ ያየ ነዋሪ ስለ ዛፍ የሚነገረውን በጥርጣሬ ቢሰማ እንዴት ይወቀሳል? ደግሞስ ዛፍ በሌለበት፣ ስባሪ ሲከማች በኖረበት ቦታ ላይ ገደቡ ለምን ይበልጥ ጥብቅ አይሆንም?

የደን ባለሙያዋ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ዛፍ በሌለበት ገደቡ ይጥበቅ፣ ለነዋሪውም መታመን የኩባንያው ዕዳ ነው። በደኑ ጥግ ግን ቁፋሮው በእጅ፣ የዛፎቹን ሥር እንዳይጎዳ እየተጠነቀቁ ይሁን፤ ከዳገቱ በታች ደለል የሚይዝ ግድብ ይሠራ፤ ውጤቱም በአፈር ናሙና ብቻ ሳይሆን በጅረቱ ደለልና በዓሣው ሥጋ ለዓመታት ይለካ። ዓሣው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ እየጨመረ ከታየ፣ ለመቆፈር የሚቃወምዎት ሰው እኔ አልሆንም።

የአፈር ኬሚስቱ፦ ለዓመታት መለካቱን እቀበላለሁ፤ እየለካን ሳለ የሚወርደውን ግን አልቀበልም። ግድቡ ከመጪው ክረምት በፊት ይሠራ፤ ናሙናውንም ኩባንያው ብቻውን አይውሰድ፣ የታችኛው ተፋሰስ ገበሬዎች አብረው ይውሰዱ።