ዘመድ ቤት የገባች ጋላክሲ

ሀብታም ዘመድ ቤት መጠጋት ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ የግድ ከገጠር አዲስ አበባ መምጣት አያስፈልግም። ሰማዩም ላይ ያው ነው።

እኛ ያለንበት ጋላክሲ፣ ሚልኪ ዌይ፣ ከመቶ ቢሊዮን በላይ ኮከብ ያለው ጌታ ነው። በዙሪያው ከ50 በላይ ድንክ ጋላክሲዎች ተጠግተውታል። አንዳንዶቹ ጥቂት ሺህ ኮከብ ብቻ ነው ያላቸው። እሱም ደግ ነው፣ ሁሉንም ተቀብሎ ያኖራል። ነገሩ ያለው አኗኗሩ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚሄደው ጋዝ ነው። ድንኳ በጌታው ግቢ ስትዞር፣ እዚያ የተበተነው ትኩስ ጋዝ የእሷን ገፎ ያስቀርባታል። ጋዝ ከሌለ አዲስ ኮከብ የለም። «ልናስተምራት ነው ያመጣናት» ተብላ ሽንኩርት ስትከትፍ ያረጀችውን የአክስት ልጅ ታውቋት የለ? እሷው ናት። ደመወዝ? «ኧረ ዘመድ ናት እኮ!»

ቀጥሎ ኮከቦቿ ይሄዳሉ። ሳጂታሪየስ ድንክ ጋላክሲ በ1994 እ.ኤ.አ. እስክትገኝ ድረስ መኖሯን ያወቀ አልነበረም። ርቃ አይደለም። ከሚልኪ ዌይ መሀል በስተጀርባ ስላለች ነው። ጓዳ ያለን ሰው ማን ያያል? የጌታው ስበት በቅርብ ያለውን ጎኗን ከሩቁ ይልቅ አጥብቆ ስለሚጎትት በየዙሩ ትበጣጠሳለች። የተነጠቀቻቸው ኮከቦች ረጅም ጅረት ሠርተው ሚልኪ ዌይን ጠምጥመውታል። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ኤም 54 የሚባለውን የኮከቦች ስብስብ ፈረንሳዊው የሰማይ ተመራማሪ ቻርልስ ሜሲየር በ1778 እ.ኤ.አ. መዝግቦት ነበር። ያለው እሷ መሀል፣ ልቧ ላይ ነው። ከ200 ዓመት በላይ ግን የሚልኪ ዌይ ንብረት ተብሎ ሲቆጠር ኖረ። የልጅቷን ሳጥን የቤቱ ዕቃ ማድረግ ይሏል ይሄ ነው!

እሷም ዝም አላለችም። ጋይያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር በ2018 እ.ኤ.አ. የላከችው መረጃ የሚልኪ ዌይ ኮከቦች እንደተናወጡ አሳየ። ብዙ ተመራማሪዎች የጠረጠሩት ሳጂታሪየስን ነው። ጓዳ ውስጥ ሰሃን ሲንኳኳ ሳሎን ድረስ ይሰማል።

ደግሞ ዘመድ ሁሉ እኩል አይደለም። ትልቁ የማጄላን ደመና የሚባለው ድንክ ጋላክሲ ወደ 160 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቆ ይገኛል። ከዲያስፖራ የመጣው ዘመድ እሱ ነው። ብዙዎች እንደሚሉት የመጀመሪያ ጉብኝቱ ነው። ጋዙ ገና በእጁ ነው፣ ኮከብ ይወልዳል። የራሱን ድንክዬዎችም አስከትሎ መጥቷል። ክብደቱ ከሚልኪ ዌይ አንድ አስረኛ ስለማያንስ፣ ጌታው ራሱ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ እሱ ተስቧል። ለሳጂታሪየስ ማን ተነሣ?

በጥር ምሽት ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ብታዩ፣ ትልቁ ደመና ከአድማሱ 11 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይታያል። የጎረቤት ፎቅ ካልጋረደው ማለቴ ነው። በአንድ ስሌት መሠረት ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ እሱም ይዋጣል። እስከዚያ ዶሮ ይታረድለታል።