ማስተካከያ፦ በቴሌቪዥን ቡፌ ውስጥ ስለሚገጠሙ ማቀዝቀዣ ፋኖች

ለባሕር ዳር ነዋሪዎች ቀደም ሲል በተሰጠው ማብራሪያ፣ ሪሲቨርና አምፕሊፋየር በሚቀመጡበት ዝግ ቡፌ ውስጥ ሁለት ፋኖች አየር ወደ ውስጥ በሚያስገቡበት አቅጣጫ እንዲገጠሙና ኃይላቸውን ከሪሲቨሩ ዩኤስቢ እንዲወስዱ የተገለጸው በሚከተለው ተስተካክሎ ይነበብ።

ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ፋኑ ከቡፌው ጀርባ በላይኛው ጠርዝ አጠገብ ተገጥሞ አየር ማስወጣት አለበት፤ ቀዝቃዛው አየር የሚገባው ከታች በሚከፈት ቀዳዳ ነው። ሁለተኛ ፋን የሚያስፈልገው አምፕሊፋየር ካለ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከመጀመሪያው ጎን ሆኖ ያስወጣል። አቅጣጫውን በፋኑ ጎን ላይ ያለው ቀስት ያሳያል፤ ቀስት ከሌለው፣ ሞተሩን ደግፈው የያዙት ዘንጎች ያሉበት ወገን አብዛኛውን ጊዜ አየር የሚወጣበት ነው።

የኃይሉ ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የሪሲቨር ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የሚፈቱት ፋኖች ግን ባብዛኛው የ12 ቮልት በመሆናቸው ጭራሹን ላይነሱ ወይም እየተንቀራፈፉ ሊዞሩ ይችላሉ። ስለዚህ በፋኖቹ ላይ የተጻፈው አምፔር ተደምሮ፣ ከድምሩ የማያንስ የ12 ቮልት አዳፕተር ይመረጥ።

መጠንን በተመለከተ፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና ሳሳ ያለው አየር የሚሸከመው ሙቀት ስለሚያንስ፣ ቀደም ሲል በተገለጸው ባለ 80 ሚሊ ሜትር ፋን ምትክ ድምፁም ዝግ የሚለው ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ይመከራል። ለጣና ዳርቻ ቤቶች በታችኛው ቀዳዳ ላይ የወንፊት መረብ ይጨመር፤ ማታ መብራት አይተው የሚመጡት ጥቃቅን ነፍሳት ከአቧራው የባሱ ናቸው። በቀድሞው ማብራሪያ ስለ ሽቦ አያያዝ የተገለጸው እንዳለ ይጸናል።