መንግሥት በወደቀ ማግስት

ሆላንድ ውስጥ መንግሥት ሲወድቅ ሰው አይደነግጥም። ስንት ዓመት ኖሬም ይሄ ነገር ሊዋጥልኝ አልቻለም።

ጁን 3 ቀን 2025 ጠዋት የጥምር መንግሥቱ ትልቁ ፓርቲ መሪ፣ ስደተኛ ይቀነስ ባዩ ኼርት ዊልደርስ፣ ኤክስ ላይ አጭር መልእክት ለጠፈ። በጥገኝነት ጉዳይ ያቀረብነውን ዕቅድ ስላልፈረማችሁ ፓርቲዬ ከጥምሩ ወጥቷል አለ። በቃ! የዲክ ስኾፍ ካቢኔ አለቀለት። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያው ዕለት መልቀቂያቸውን ይዘው ንጉሡ ዘንድ ሄዱ። ምርጫው የተደረገው ኖቬምበር 2023 ነው። አራት ፓርቲዎች ከሰባት ወር በላይ ሲደራደሩ ከርመው፣ ከ150 መቀመጫ 88ቱን ይዘው መንግሥት መሠረቱ። የመሠረቱት መንግሥት የቆየው አሥራ አንድ ወር ነው።

እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ዜናውን ስልኬ ላይ እንዳየሁ ሮጥ ብዬ ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት። ቡናዋን እያማሰለች «አዎ፣ ሰማሁ» አለችኝ። ቀጥላም የቅዳሜን ፈረቃ ማን እንደሚይዝልን ጠየቀችኝ።

ማታ አክስቴ ከደሴ ደወለች። «መንግሥት ወደቀ አሉ፣ እውነት ነው? ዱቄት አለሽ? በይ ነገ እንዳትወጪ፤ በርሽን ዘግተሽ ተቀመጪ።» አልሳቅኩባትም። አክስቴ መንግሥት ሲወድቅ ምን እንደሚመስል አይታለች። በ1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ሰዎች በአንድ ሌሊት ተረሽነው ጠዋት በሬዲዮ ሲነገር ሰምታለች። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የተበተነው ወታደር በባዶ እግሩ ሲያልፍ በር ላይ ቆማ ውሃ አጠጥታለች። ለእሷ መንግሥት ወደቀ ማለት እህል ይወደዳል፣ መንገድ ይዘጋል፣ የሰው ልጅ ወጥቶ ይቀራል ማለት ነው።

እኛም ዘንድ አንድ ጊዜ በሰላም ሆኗል ብሎ የሚከራከረኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 2010 ዓ.ም. በፈቃዳቸው ሥልጣን ለቀቁ። ተተኪ እስኪገኝም ቦታቸው ላይ ቆዩ። ያን ጊዜ ስንቶቻችን ነን እርስ በርስ እየተደዋወልን የተገረምነው? ግን በማግስቱ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። አክስቴም ያኔ ጤፏን ቀድማ አስፈጭታ ነበር።

እዚህ የወደቀው መንግሥት ራሱ ሥራውን ይቀጥላል። የዊልደርስ ሚኒስትሮች ሲወጡ ሥራቸው ለሌሎቹ ተከፋፈለ። በሦስት ሳምንቱ እነዚሁ የወደቁት ሰዎች ዘ ሄግ ላይ የኔቶን ጉባኤ አስተናገዱ። ደሞዛችን በቀኑ ገባ። ከስኾፍ በፊት የነበረው ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ ጁላይ 2024 ቢሮውን ለስኾፍ ካስረከበ በኋላ ብስክሌቱን ይዞ ነው የሄደው። አሥራ አራት ዓመት ገደማ አገር መርቶ በብስክሌት! ባየሁት ቁጥር አንጀቴን ይበላዋል። የእኛ አገር ሰው ምን በድሎ ነው ይሄን የተነፈገው?

ግን ቅናቴ ሙሉ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ካቢኔያቸውን በምን ሰበብ እንደሚያፈርሱ እስቲ ልብ በሉ። በጁላይ 2023 የሩተ አራተኛው ካቢኔ የወደቀው በስደተኞች ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ከጦርነት የሸሸ ሰው ልጆቹን ያምጣ አያምጣ በሚለው አልስማማ ብለው ተበተኑ። የስኾፍም ያው በጥገኝነት ጉዳይ ነው የወደቀው። እነሱ ሳይደናገጡ የሚጣሉበት አጀንዳ እኛ ነን። ባልደረባዬ ቡናዋን ተረጋግታ የምታማስለው ክርክሩ እሷን ስለማይነካት ነው። እኔን ግን ይነካኛል።

እዚሁ የማውቃት አንዲት እህት አለች። ሁለት ልጆቿ አዲስ አበባ እናቷ ዘንድ ናቸው። ታናሹን ጥላው ስትወጣ ገና ጡት አልተወም ነበር፤ አሁን በቪዲዮ የቤት ሥራውን ያሳያታል። መልስ ሳታገኝ ካቢኔ ወድቋል፣ ሌላ መጥቷል፣ እሱም ወድቋል። በየጊዜው «አዲሱ መንግሥት ምን ይል ይሆን?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ያን ቀን ግን ደስ ብሏት ነበር የደወለችልኝ። «ዊልደርስ ወጣ እኮ! አሁንማ ይሻላል» አለችኝ። እኔም ተስፋ አደረግኩ። ወር ቆይቶ፣ ጁላይ 3 ቀን፣ ያው የወደቀው መንግሥት ያቀረባቸው ሁለት የጥገኝነት ሕጎች በታችኛው ምክር ቤት አለፉ። የመኖሪያ ፈቃዱን ከአምስት ዓመት ወደ ሦስት የሚያወርድ፣ ቤተሰብ ማምጣትንም የሚያጠብ ሕግ ነው። ዜናውን ያነበበችው የማታ ፈረቃ ላይ ሆና ነው። ስትደውልልኝ ስለ ፖለቲካው አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ልጆቹ ስንት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ማምጣት እንደሚቻል ብቻ ጠየቀችኝ።