በርበሬው ሲንሳፈፍ የሳቅን እኛ

የጅማ ልጆች፣ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለባለሥልጣን አይደለም፤ ለእነሱ ሌላ ቀን አለኝ። ያን ሐሙስ ሂርማታ መርካቶ በረንዳ ላይ ተጠልለን ለነበርነው፣ ከዚያም ቪዲዮውን በየስልካችን ለተቀባበልነው ነው የምጽፈው።

ሁላችሁም አይታችሁታል። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከላይ "የጅማ ሰበር ዜና" ይላል፤ ከስሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሯል። አንዲት እናት በጎርፍ መሃል ይራመዳሉ። ድንገት እስከ ወገባቸው ይሰምጣሉ። የያዙት ፌስታል ያመልጣቸውና ይቀደዳል፤ በርበሬው ውሃው ላይ ይበተናል። ከዚያ የአንድ ጎረምሳ ድምፅ ይሰማል፤ ጎርፉን በወንዛችን ስም ጠርቶ፦ "አዌቱ ዛሬ ቀይ ወጥ ሆነ!" ከዚያ ሳቅ። በሳቁ ያልቃል።

ቪዲዮው ውስጥ የሌለውን እኔ ልንገራችሁ። እዚያው ነበርኩ።

ሐምሌ ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ገበያተኛው ያንን አምኖ ነው የወጣው። የሂርማታ ሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስንቱን ከየአገሩ ሲጠራ የኖረ ገበያ ነው። ዛሬም ከማና፣ ከሰቃ፣ ከየገጠሩ ሰው ይመጣል። ስምንት ሰዓት ሲሆን በጅሬን ኮረብታ በኩል ጠቆረ። ከዚያማ ታውቁታላችሁ። የጅማ ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፉ ይመስላል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መንገዱ ወንዝ ሆነ። እኛ አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጣበን ቆምን። እኔ ዳቦ ገዝቼ ነበር፤ እንዳይረጥብብኝ ጃኬቴ ውስጥ ወሽቄዋለሁ።

ከፊት ለፊታችን፣ አስፋልቱ ዳር፣ ክዳን የሌለው ቱቦ አለ። ክዳኑ ከጠፋ ወር አልፎታል። የብረት ነበር፤ በሰኔ አንድ ጠዋት ስንነሳ የለም። ማን እንደወሰደው አላውቅም። ጉድጓዱ የት እንዳለ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ደረቅ ሲሆን ዞረን እናልፈዋለን፤ ጎርፍ ሲሸፍነው በልማድ እንርቀዋለን። የሰፈር ሰው ስለሆንን።

እሳቸው የሰፈር ሰው አይደሉም። ከማና በኩል ለገበያ የመጡ ናቸው። ሻሻቸው ላይ ላስቲክ ደርበዋል፤ በአንድ እጃቸው ጫማቸውን፣ በሌላው ፌስታሉን ይዘዋል። የሚሄዱበት ባጃጅ ሊያመልጣቸው መሰለኝ፤ ከወዲያ ማዶ ተነስተው ቀጥ ብለው ወደ ጉድጓዱ መጡ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። "እማማ፣ በዚያ በኩል!" ከማለት ሌላ ምንም አይጠበቅብንም ነበር።

አጠገቤ የቆመው ልጅ ስልኩን አወጣ። ሲያወጣ አይቼዋለሁ። እሳቸው ገና አልወደቁም። ቪዲዮውን ደግማችሁ እዩት፤ የሚጀምረው ከመውደቃቸው በፊት ነው። አምስት ስድስት እርምጃ ሲራመዱ ይታያሉ። ልጁ ጉድጓዱን ያውቃል። ስልኩን ቀድሞ ያወጣው ስለሚያውቅ ነው። ካሜራውን ከፍቶ ጠበቃቸው።

ይቅር ማለት ያቃተኝ ይሄ ነው። ሰው ድንገት ሲወድቅ አይቶ ሳቅ የሚያመልጠው አለ። ነውር ነው፣ ግን ይገባኛል። እናትህ የምትሆን ሴት እየመጣች፣ የምትወድቅበትን እያወቅህ፣ ካሜራ ከፍተህ መጠበቅ ግን ምን ይባላል? ስም አላገኘሁለትም። ስንቶቻችን አብረን እንደጠበቅን ደግሞ እግዜር ይወቀው።

ወደቁ። ስለ በርበሬው የተናገረው ተናገረ። በረንዳው ሳቀ።

የዘለለው አንድ ሊስትሮ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሳጥኑን እዝናቡ ውስጥ ወርውሮ ገባ፤ በሁለት እጁ ክንዳቸውን ያዘ። አልቻለም። ጎርፉ ይጎትታቸዋል። ከዚያ አንድ ባጃጅ ነጂ መሃል መንገድ ላይ አቁሞ ወረደና ለሁለት አወጧቸው። እግራቸው ከጉልበት በታች ተልጦ ይደማል። አንዱ ጫማ የለም። በመጀመሪያ ያደረጉት ቀሚሳቸውን ወደ ታች መሳብ ነበር። ቀና ብለው በረንዳውን አዩ። ሁላችንንም አዩን። አንድም ቃል አልተናገሩንም። ወደ ልጁ ዞረው፣ "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሳጥንህ ረጠበብህ" አሉት።

እኛ ደርቀን ቆመናል።

ማታ ቪዲዮው ደረሰኝ። ከአንድ ቤተ ዘመድ ነው የተላከልኝ፣ ከብዙ የሳቅ ምልክት ጋር። ቀጥሎ ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች። "አባዬ፣ እዚያ ዳር ላይ የቆምከው አንተ ነህ እንዴ?" አለችኝ። ከፍቼ አየሁት። እኔ ነኝ። ጃኬቴን በእጄ ጨብጬ ዳቦዬን አቅፌ ቆሜአለሁ። አፌ ተዘግቷል። እየሳቅሁ አልነበረም፤ እሱን ለልጄ ነገርኳት። "ታዲያ ለምን አልተጣራህም?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ዝናቡ ይጮህ ነበር ልላት ፈለግሁ። ሊስትሮው በዚያው ዝናብ ውስጥ ነው የገባው። አፍሬ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ስንደዋወል ስለ ዝናብ አናወራም።

እኔ ያልተጣራሁት ያን ቀን ብቻም አይደለም። ክዳኑ ከጠፋበት ቀን ጀምሮ አልተጣራሁም። ቀበሌ ሄጄ አልተናገርኩም። ድንጋይ አምጥቼ ዙሪያውን አልከበብኩም። እንጨት አልተከልኩበትም። አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ዞሬው ስሄድ፣ እኔ ካለፍኩ ያለፈ መስሎኝ ነበር። ልጁ ስልኩን አወጣ ብዬ እቆጣለሁ፤ እኔ ግን ከእሱ በፊት ሠላሳ ቀን ነበረኝ።

"ጎርፍ ነው፤ የአምላክ ሥራ ነው" አትበሉኝ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ሃምሳ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት በዓመት 75,000 ሊትር ያህል ከጣሪያው ያወርዳል ማለት ነው። በባለ 200 ሊትር በርሜል ብትቀዱት 375 በርሜል ይሆናል። ከአንድ ጣሪያ! ከኮረብታው የሚወርደው፣ ከአስፋልቱ የሚንሸራተተው ሲጨመርበት አስቡት። ይሄ ሁሉ መሄጃ አለው። ወደ አዌቱ ይወርዳል፤ አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይወስደዋል። ውሃው መንገዱን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የዘጋንበት እኛ ነን። ቱቦውን በገራባና በፌስታል ጠቀጠቅነው። ውሃ ይዞ ቀስ አድርጎ የሚለቀውን ረግረግ ለባሕር ዛፍና ለጡብ ሰጠነው። ከዚያ በየክረምቱ አዲስ ነገር እንደመጣብን ስልክ እናወጣለን።

እኛና ዝናብ ድሮም የምንቀልደው ቀልድ አለን። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ "ጅማ ሁለት ወቅት ነው ያላት፤ የሚዘንብበትና ሊዘንብ የደመነበት" ይል ነበር። 350 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በነጭ ጫማ ሲወርድ እንተያይና እንስቅ ነበር። ቡና ያሰጣች ጎረቤት ሰማዩን ቀና ብላ እያየች ከደመናው ጋር ስትጨቃጨቅ እንስቅ ነበር፤ እየሳቅን ግን ሮጠን ሸራውን አብረናት እንጎትታለን። ጭቃ የጣለው ሰው ቢኖር እናነሳዋለን፤ እግሩን አስታጥበን እሳት ዳር እናስቀምጠዋለን። ቡናው ሲደርስ ነው ሳቁ የሚመጣው። መጀመሪያ የሚስቀውም የወደቀው ሰው ነበር። አወዳደቁን ራሱ ያወራው ነበር፤ በየዓመቱ እየጨመረበት።

ያ ሳቅ የት ሄደ? አብሮ የረጠበ ሰው ሳቅ ነበር። አሁን የምንስቀው ደርቀን ቆመን ነው።

እሳቸው ብቻ አይደሉም። ባለፈው ክረምት ሞተር ብስክሌቱ የተንሸራተተበት ልጅ ቪዲዮ ነበር። በቤቱ ውሃ ገብቶ ፍራሹን አጥር ላይ ያሰጣው አባወራም ነበር። ሁሉንም በ"ሰበር ዜና" አየናቸው። የከተማችን ወሬ እንደዚህ ሆኗል፤ ማን ወደቀ፣ የት ወደቀ፣ እንዴት ወደቀ። ጉድጓዱ ተደፈነ የሚል ዜና ማንም አላከልኝም። እኔም ለማንም አልላክሁም።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላሉ አባቶች። እኛ እንጨቱን ሰደድንና ደግሞ ሼር አደረግነው። ኮመንቱን አንብቤዋለሁ፣ እስከ ታች ድረስ። "በርበሬ በዚህ ዋጋ!" ይላል አንዱ። እውነቱን ነው፤ በሐምሌ በርበሬ ስንት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እሳቸውም ያውቃሉ። ያን በርበሬ ለመግዛት ጠዋት ምን እንደሸጡ አስቤ ነበር። ዶሮ ይሆን? ሁለት ኪሎ ቡና? ቤት ሲገቡ ለጠየቃቸው ሰውስ ምን አሉ? ከስልክ ጋር የሚውል የልጅ ልጅ ካላቸው፣ ያን ማታ ምን አየ?

ወጣቶች፣ ስልክ ያዛችሁ ብዬ አይደለም የምቆጣው። ያው ስልክ ክዳን የሌለውን ቱቦ አንስቶ "እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ ተጠንቀቁ" ማለት ይችላል። እኛ ሽማግሌ ነን የምንለውስ? እናንተን የምንቆጣበት አፍ በረንዳው ላይ ለምን ተዘጋ? ባለሱቆች፣ ደጃችሁ ያለው ጉድጓድ የማን ነው? የመንግሥት ነው ብላችኋል፤ እኔም ብያለሁ። ይሁን የመንግሥት። እግሩ ግን የእናታችን ነበር።

ባለፉት ሦስት ሐሙሶች እዚያው ቦታ ሄጃለሁ። እሳቸውን ባገኝ ብዬ ነው። ምን እንደምላቸው አላውቅም፤ ብቻ በርበሬውን ልተካላቸው አስቤ ነበር። አላገኘኋቸውም። ሊስትሮውን ግን አገኘሁት። ሳጥኑን ጠግኖታል። ጉድጓዱ ውስጥ ረጅም እንጨት ተክሎ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል አስሮበታል። በሁለተኛው ሐሙስ ጎርፉ እንጨቱን ወስዶት አየሁ። በሦስተኛው ሌላ እንጨት ቆሟል፣ የወፈረ። "አንተ ነህ የተከልከው?" ብዬ ስጠይቀው፣ "እኔ አይደለሁም፣ የሆነ ሰው ነው" አለኝ። ያን "የሆነ ሰው" እያሰብኩ ነው የሰነበትኩት። አላውቀውም። ከእኛ አንዱ ነው ማለት ነው። ከበረንዳው አንዱ ቢሆን ደስ ይለኛል።

እኔም ትንሽ ተንቀሳቀስኩ። ዘግይቼ ነው፤ አውቃለሁ። አምስት ሱቅ ገብቼ ጠየቅሁ። ሁለቱ "ነገ ተመለስ" አሉኝ። ሦስቱ አዋጡ። አንድ ግንበኛ የእጁን ሳይጠይቅ ክዳኑን በሲሚንቶና በፌሮ ሞላልን። ብረት ብናደርገው ደግሞ ይሄዳል፤ ይሄን ማንም በኪሎ አይገዛውም። አሁን ከሻይ ቤቱ ጓሮ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ግንበኛው ሳይጠና እንዳናነሳው አስጠንቅቆናል። ዝናቡ በየቀኑ ላስቲኩን ይደበድበዋል። እኔም በየቀኑ ሄጄ አየዋለሁ።

የፊታችን እሑድ ጠዋት፣ ሳይጠቁር፣ ተሸክመን ወስደን እንገጥመዋለን። ከዚያ በፊት ቱቦውን እንጠርጋለን፤ አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ። ክዳኑ ከባድ ነው፣ አራት ሰው ይፈልጋል። እስካሁን እኔና የሻይ ቤቱ ልጅ ነን።