አሸዋ ጎማን አይተካም

አንድ ጽሑፍ የድሮ መስል ካር (ኃይለኛ ሞተር ያለው የአሜሪካ መኪና) በበረዶ ለመንዳት የኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አሸዋ መጨመር ይበቃል ይላል። አይበቃም! በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩት ሙስታንግና ካማሮ ሞተሩ፣ ብዙውን ጊዜ ከባድ ቪ-8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር)፣ ፊት ነው፤ መኪናውን የሚገፉት ግን የኋላ ጎማዎች ናቸው። መንሸራተትን የሚቆጣጠር ሲስተምም የላቸውም። መጀመሪያ አራቱንም በበረዶ ጎማ ቀይሩ። የኋላዎቹን ብቻ ከቀየራችሁ መኪናው ይነሳል እንጂ መሪውን አይታዘዝም፣ በፍሬንም ቶሎ አይቆምም። አሸዋው 50 ኪሎ ገደማ ሆኖ ከኋላ አክሱሉ በላይ በደንብ ይታሰር፤ ወደ ጫፍ ከተገፋ ፊቱን ያቀልለዋል። በማንዋል ካምቢዮ በ2ኛ ማርሽ መነሳት የጎማውን ባዶ መሽከርከር ይቀንሳል።

የባሰው ጠላት ግን በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፦ ከበሩ በታች ባለው ውስጡ ባዶ ብረት፣ በኋላ ፓራፋንጎው ታችኛ ጫፍ፣ በወለሉ ላሜራ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ክፈቱ፤ የበረዶው ወቅት ሳይገባ ውስጡን ሰም ወይም ዘይት ነክ መከላከያ ርጩበት። በዛገ ወይም በረጠበ ብረት ላይ ወፍራም ጥቁር ሽፋን መቀባት እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጨው ላይ በተነዳ ቁጥር ሥሩ በውሃ ይታጠብ።

አንቱፍሪዝ (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመር ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ሲቀላቀሉ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይከላከላሉ። አውቶማቲክ ቾክ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየሩን የሚቀንስ ክፍል) ላለው ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ቁልፉን ከማዞር በፊት ነዳጅ ፔዳሉን አንዴ እስከ ወለሉ መርገጥ ይበቃል፤ ደጋግሞ መርገጥ ካንዴላውን በቤንዚን ያርሰዋል።