ቁጥሩ በምን እንደተለካ አብሮ ይጻፍ

በጎጃሙ የጮቄ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለ አንድ ማሳ በገመድ ሲለካ አንድ ስፋት፣ በእጅ ጂፒኤስ ዙሪያው ሲዞር ሌላ ስፋት፣ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ወሰኑ ሲሠመር ደግሞ ሦስተኛ ስፋት ቢገኝለት፣ ለኪዎቹ ተሳስተዋል ወይም ተንኮል ሠርተዋል ማለት ላይሆን ይችላል። ሦስቱም ሥራቸውን በወጉ ሠርተው ሦስት የተለያየ ቁጥር ሊጽፉ ይችላሉ። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ቁጥሩ በመዝገብ ላይ ብቻውን ሲቀርና በምን እንደተለካ የሚናገር ሲጠፋ ነው።

የተዳፋቱን ነገር አስቀድሜ ላስረዳ፤ ብዙ ጠብ የሚነሣው ከእሱ ነውና። ገመድ መሬቱን ተከትሎ ይተኛል፤ ጂፒኤስና የአየር ፎቶግራፍ ግን መሬቱን እንደ ሜዳ ዘርግተው ነው የሚያሰሉት። 30 ዲግሪ በሚያዘነብል ቦታ ላይ 100 ሜትር ገመድ ቁልቁል ቢጣል አግድም ርቀቱ 87 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ገመድ የጣለው ሰው ይህን ካላረመ፣ አንድ ክንድ መሬት ያልተወሰደበት ገበሬ አዲሱ መሣሪያ በመጣ ማግስት የማሳው ስፋት ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ ጎድሎ ያገኘዋል። በሜጫ ሜዳ ይህ ልዩነት ከቁጥር አይገባም፤ በጮቄ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ፍርድ ቤት ያቆማል።

ጎጃም ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ የቆየ ቁስል ይነካል። ቀላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያው ገመድ፣ በአካባቢያችን የሚታወሰው ግብርንና ርስት ማጣትን ይዞ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው የተነሣው፣ ገማቾቹ ማሳውን ገምተው ሲያበቁ ርስቱን ያሳጡናል ብሎ በመስጋቱም ጭምር ነበር፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ካዘመተ በኋላ ውዝፉን ግብር ለመማር ተገዷል። የዚያ ትውልድ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ታብሌት የያዘ ወጣት ማሳቸው ዳር ሲቆም ቢያዩ፣ ጥያቄያቸው «ለምን ትለካለህ?» ቢሆን አይፈረድባቸውም።

በ1995 ዓ.ም. ገደማ በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀመር፣ ጎዛምን ወረዳም ከሙከራ ቦታዎቹ አንዱ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛው ማሳ በገመድና በግምት ተለክቶ፣ ካርታ ሳይኖረው፣ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ እየተባለ በአዋሳኞቹ ስም ተመዘገበ። ዛሬ ይህን ዘዴ ኋላ ቀር ብሎ የሚያጣጥለው ባለሙያ ብዙ ነው። እኔ ግን ስፋቱን ባላምንበትም ወሰኑን አምነዋለሁ፤ አዋሳኞቹ በአካል ቆመው ይሁን ያሉት ወሰን ነውና።

የእጅ ጂፒኤስ ጠባይ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ አንድን ነጥብ ከ3 እስከ 5 ሜትር በሚደርስ ስሕተት ያስቀምጣል፤ በባህር ዛፍ ወይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ እንዳለው ዲከረንስ የተባለ የግራር ዓይነት ደን ሥር ደግሞ ይብሳል። ሆኖም ለኪው ማሳውን ሲዞር ነጥቦቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ አብረው ስለሚሳሳቱ፣ የማሳው ቦታ ይዛነፍ እንጂ ስፋቱ ያን ያህል አይዛባም። ስለዚህ ለምርት ጥናት በገመድና በኮምፓስ ከመልፋት ጂፒኤስ ይመረጣል፤ ጊዜውም እጅግ ያነሰ ነው። ለወሰን ክርክር ግን 4 ሜትር ማለት የአንድ ጎረቤት ቦይና አጥር ማለት ስለሆነ፣ በእጅ ጂፒኤስ የተያዘ ነጥብ ለዳኛ መቅረብ የለበትም ባይ ነኝ። ገበሬውን ስንት ጥማድ ነው ብሎ መጠየቅም ሊናቅ የማይገባው ርካሽ ዘዴ ነው፤ ጥማድ ግን ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ስለሆነ የበሬውን ጉልበትና የአፈሩን ጠባይ አብሮ የሚለካ ነው፤ ትንሽ ማሳ ያለው ሰው ደግሞ አብዝቶ፣ ሰፊ ያለው አሳንሶ የመናገር ልማድ አለው።

ልኬቱና ሌላው መረጃ የሚሰበሰብበት መጠይቅ በወረቀት ይሞላ ወይስ በታብሌት ለሚለው ክርክር መልሴ ታብሌት ነው። በታንዛኒያ ፔምባ ደሴት ቤተሰቦች በዕጣ ተከፍለው ሁለቱ ዘዴዎች ሲወዳደሩ፣ በወረቀቱ ላይ የተገኘው ስሕተት ብዙ ነበር፤ አብዛኛውንም መሣሪያው እዚያው ጠያቂው ፊት ሊይዘው ይችል ነበር። ታብሌቱ ግን የእኛን ሰዓትና ዘመን በራሱ አያውቅም። እኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ያልነውን እሱ 14 ይለዋል፤ በ2010 የተወለደን ልጅም እንደ ፈረንጅ ዘመን ከቆጠረው 7 ወይም 8 ዓመት ያስረጀዋል። ኦዲኬ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ መምረጥ ይቻላል፤ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ካላዘዘው ግን አይመጣም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ የተሰበሰበው ሁሉ በመሣሪያው ውስጥ ታስሮ የሚቀርበት ጊዜ መጣ፤ ማታ ማታ ወደ ሚሞሪ ካርድ ያልገለበጠ ቡድን ሥራውን ሁሉ በአንድ ስልክ ዕድሜ ላይ ጥሎ ነበር የሚያድረው።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ልኬት አጠገብ መሣሪያው፣ ቀኑ፣ ልኬቱ በአግድም ይሁን በተዳፋት፣ የለካው ሰውና የተገኙት አዋሳኞች ይጻፉ። ቅጹ ይረዝማል የሚሉ አሉ፤ አንድ መስመር ነው የሚረዝመው።

እኔ ራሴ መረጃ ሰብሳቢ በነበርኩበት ጊዜ ሁለት ቡድን ሆነን የውኃ ነጥቦችን ስንመዘግብ፣ አንዱ ቡድን ጂፒኤሱን የአገራችን የቆዩ ካርታዎች በተሠሩበት አዲንዳን በሚባለው የቦታ መገኛ ስሌት፣ ሌላው ዛሬ በተለመደው ዓለም አቀፍ ስሌት አድርጎት ነበር። በሁለቱ መካከል ከ100 ሜትር በላይ ልዩነት ስላለ፣ በሁለት ቀበሌዎች ድንበር ላይ ያለ አንድ ምንጭ ሁለት ምንጭ ሆኖ ተቆጠረ፤ ቢሮ ተቀምጠንም ሁለተኛውን ምንጭ ማን እንዳየው ስንጨቃጨቅ ዋልን። የፈታልን ከመካከላችን ወረቀት ከኪሱ የማይለየው አንድ ባልደረባችን ነበር፤ በደብተሩ ጠርዝ ላይ፣ ማንም ሳያዘው፣ «በአዲንዳን» ብሎ ጽፎ ተገኘ።